ነጠላው ወንበር ስንት ቁጥር ነው?

ሲት ኢንሻራህ የሚባሉትን ወይዘሮ ከትኬት መስኮታቸው ለማንሳት ስብሰባው ለስምንት ሰዓት ተጠርቷል። እኔ ካይሮ፣ ራምሲስ አደባባይ አጠገብ ያለው የአውቶቡስ ጣቢያ የደረስኩት አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። አራት ሰዓት የማይሞላ ጊዜ አለኝ። ግማሹን ደግሞ ሻይ ጠጪ እያሉ ይበሉብኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማክሰኞ ወደ ሶሃግ በሄደው አውቶቡስ ላይ አንዲት አስተማሪ ከማታውቀው ወንድ ጎን ተቀምጣ ሰባት ሰዓት ተጓዘች። ሰውዬው ምንም አላደረገም። ተኛ። ጭንቅላቱ ግን የሚወድቀው ወደ እሷ ነበር። ሶሃግ ላይ ቆሞ ሲጠብቃት የነበረ ወንድሟ በመስታወቱ አየ፣ ፎቶ አነሳ፣ ኢንተርኔት ላይ ለጠፈው። በማግስቱ አገር ምድሩ የአውቶቡስ ድርጅቱን ሰደበ። ድርጅቱ ደግሞ ትኬቱን ማን እንደቆረጠ ጠየቀ።

ሲት ኢንሻራህ ናቸው የቆረጡት። ሃምሳ ስድስት ዓመታቸው ነው፣ ሃያ ሰባቱን እዚያ መስኮት ላይ ቁጭ ብለዋል። እንደ ደንቡ ከሴት ጎን ነው ያስቀመጥኳት ብለው ምለዋል። የጣቢያው ኃላፊ ረእፋት መሐላ አይቀበልም። "ወይ ሲስተሙ ነው ወይ ሴትዮዋ ናት" ብሎ ለእኛ ጻፈ።

እኛ ማለት ዶቂ ሰፈር ቢሮ ያለን ስድስት ሰዎች ነን። የትኬት መቁረጫውን ገጽ የሠራነው እኛ ነን። የእኔ ሥራ የተሠራውን ነገር በየዓይነቱ ብራውዘር እየከፈቱ በሁሉም ላይ እኩል መሥራቱን ማየት ነው። ሲሠራ ማንም አያስታውስሽም። አለቃዬ ሻዲ ጧት "ሂጂና ደህና ነው ብለሽ ፈርመሽ ተመለሺ" አለኝ። ሜትሮ ውስጥ ቆሜ መጣሁ።

ሲት ኢንሻራህን ያገኘኋቸው የዕቃ ማስቀመጫ ክፍል ውስጥ ነው። እስከ ስብሰባው እዚያ ይቀመጡ ተብለው፣ ካርቶን ላይ ተቀምጠዋል። መነጽራቸው በክር አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል።

"ኢንጂነሯ አንቺ ነሽ?"

"ናህላ እባላለሁ።"

"ልታስወጪኝ ነው የመጣሽው ወይስ ልታስገቢኝ?"

"ለማየት ነው የመጣሁት።"

"እሺ እዪ። እኔ ሃያ ሰባት ዓመት ሳይ ኖሬ አሁን አታይም ተብያለሁ።"

ማክሰኞ ምን እንዳዩ ጠየቅኳቸው። ሳያስቡ ነው የመለሱልኝ። አሥራ ሁለት ቁጥር ላይ አንዲት ነርስ ነበረች። አስተማሪዋ ስትመጣ ከነርሷ ጎን ያለውን አሥራ አንድን ሰጧት። ቀጥሎ ጉልበቱን የሚያመው ሰውዬ መጣ፣ ብቻዬን ልቀመጥ አለ፣ ነጠላውን አሥር ቁጥርን ሰጡት።

"አሥር ነጠላ አይደለም" አልኳቸው። "በዚህ አውቶቡስ አሥርና አሥራ አንድ ጥንድ ናቸው። ነጠላው አሥራ ሁለት ነው።"

"አውቶቡሱን አላውቅም። አዲስ ነው። ስክሪኔን ነው የማውቀው።"

ከካርቶኑ ላይ ክዳን ቀደው ሳሉልኝ። ከቀኝ አንድ ወንበር፣ መተላለፊያ፣ ከዚያ ሁለት ወንበር። መሆን ያለበት ከቀኝ ሁለት፣ መተላለፊያ፣ አንድ ነው። ስዕሉ እውነት ከሆነ ሴትዮዋ አልተሳሳቱም። ነርሷ ሳትጠይቅ ብቻዋን ተቀምጣለች፣ ብቻውን ልቀመጥ ያለው ሰውዬ ደግሞ ከአስተማሪዋ ጎን ተኝቷል።

መስኮቱ ጋ ሄድኩ። ኮምፒውተራቸውን ከፈትኩ። ሁለት፣ መተላለፊያ፣ አንድ። ልክ ነው።

ዘጋሁ፣ ከፈትኩ። ኮምፒውተሩ ያጠራቀመውን የቆየ ገጽ አጸዳሁ። ገጹን አጠበብኩ፣ አሰፋሁ። ልክ ነው። በራሴ ላፕቶፕ አምስት ብራውዘር ላይ ከፈትኩ። አምስቱም ልክ ናቸው። ወረፋ ላይ ያሉት ሰዎች ማጉረምረም ጀመሩ። የጣቢያው የኮምፒውተር ሠራተኛ ኪሮሎስ ሳንድዊቹን ይዞ መጣ።

"አትልፊ፣ ደህና ነው" አለ። "ረቡዕ ጧት ፎርማት አድርጌዋለሁ።"

"ምን?"

"ችግር አለ ተባለ። ፎርማት አደረግኩት።"

"ችግሩን ሳታይ?"

"ፎርማት ከተደረገ በኋላ ችግር የለማ።"

ሳንድዊቹን ልቀማው ምንም አልቀረኝም። እዚህ አገር ኮምፒውተር ካስነጠሰ ፎርማት ነው። የሴትዮዋን ምስክር አጥቦ ደፍቶታል።

"በፊት የነበረው ብራውዘር የቱ ነው?"

"የድሮው። ከኮምፒውተሩ ጋር የመጣው። ማንም አልቀየረውም ነበር። አሁን አዲሱን ጫንኩለት።"

ስሙን ነገረኝ። የእኔ የሙከራ ዝርዝር ላይ አራተኛው መስመር ነው።

ዝርዝሩ ስድስት ብራውዘር አለው። ድርጅቱ ያሉት አውቶቡሶች በሙሉ ማለት ይቻላል በአንድ ረድፍ አራት ወንበር ናቸው፣ ሁለት በዚህ ሁለት በዚያ። እነሱን በስድስቱም ከፍቼ አይቻለሁ። ባለ ሦስት ወንበሮቹ ሦስት አውቶቡስ ብቻ ናቸው፣ መጨረሻ ላይ ነው የመጡት። ሐሙስ ቀን፣ የሳምንቱ ሥራ ሲያልቅ። አሮጌ ብራውዘር የምንሞክርበት ኮምፒውተር በዚያው ሳምንት ተቃጥሎ ነበር። በራሴ ብራውዘር ብቻ ከፈትኩ፣ ልክ ነው፣ የቀሩት አምስት መስመሮች ላይ ምልክት አደረግኩ፣ ፈረምኩ፣ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ረእፋት ኮሪደር ላይ አገኘኝ። ረጅም ነው፣ ሲያወራ ሰዓቱን ያያል።

"እሺ ኢንጂነር፣ አገኘሽ?"

"እየፈለግኩ ነው።"

"እኔ አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ። እነዚህ አውቶቡሶች መንገድ ከጀመሩ አምስት ሳምንት ነው። በየቀኑ ይወጣሉ። ስክሪኑ እንዲህ የተዛባ ከነበረ፣ በአምስት ሳምንት አንድ ሴት አትጮህም? አንድ ባል አይጮህም? ማክሰኞ ብቻ?"

ጥያቄው ጥሩ ነው፤ ያናደደኝም እሱ ነው።

ወደ አውቶቡሶቹ ወረድኩ። የሶሃጉን መስመር ሁልጊዜ የሚሄዱት ሁሉም አም፣ አጎቴ፣ የሚላቸው ረዳት ኸላፍ ናቸው። ማክሰኞ አልነበሩም፣ ዛሬ ግን አሉ። ጎማ ላይ ተደግፈው ሲጋራ ያጨሳሉ። ፂማቸው ከሲጋራው ብዛት ቢጫ ሆኗል።

"አም ኸላፍ፣ በዚህ አምስት ሳምንት የተሳፋሪ ዝርዝሩ ላይ ያዩት ስህተት አለ?"

"ዝርዝሩን እኔ ለኬላ ፖሊስ ነው የምይዘው። ሰው የማስቀምጠው በዓይኔ ነው።"

"እንዴት?"

"ሴት ከሴት። ሽማግሌ ፊት። ወሬኛ ኋላ። የሚያስመልሰው ሰው በር አጠገብ። ሃያ ዓመት እንዲህ ነው የኖርነው። ወረቀት ሰው ያውቃል እንዴ?"

"ዝርዝሩ ግን ልክ ነበር ወይ?"

ሲጋራውን ጣሉት፣ ረገጡት፣ ዙሪያቸውን አዩ።

"በአላህ ይዤሻለሁ፣ ለማንም እንዳትናገሪ።"

"ይንገሩኝ።"

"ኢንሻራህ ደክማለች። ካለፈው ወር ጀምሮ ታዛባለች። ወንዱን ሴት ጎን ትሰጣለች፣ ባልን ከሚስቱ ትለያለች። እኔ ቀስ ብዬ አስተካክላለሁ። ተሳፋሪውም ደግ ነው፣ ራሱ ይቀያየራል። ለማን ልናገር? ጡረታዋ አራት ዓመት ነው የቀረው። ሰው አይዋረድም።"

"ማክሰኞስ?"

"ማክሰኞ ልጄን ዳርኩ። የተካኝ ሰው እንደ ወረቀቱ አስቀመጣቸው።"

"አም ኸላፍ፣ ሲት ኢንሻራህ አልደከሙም። ስክሪኑ ነው የደከመው።"

"እንዴት ማለት?"

"ይምጡ፣ ለራሳቸው ይንገሯቸው።"

"እኔ? አበድሽ?"

ክንዳቸውን ይዤ ወሰድኳቸው። የዕቃ ክፍሉ በር ላይ ቆሙ፣ አልገባ አሉ። ከበሩ ላይ ሆነው፣ መሬት መሬት እያዩ ተናገሩ። ሲት ኢንሻራህ እስኪጨርሱ ጠበቋቸው።

"አምስት ሳምንት?"

"አምስት ሳምንት።"

"አርጅታለች ብለህ ዝም አልክ?"

"አርጅታለች አላልኩም። ደክማለች ነው ያልኩት።"

"እኔ ነኝ የደከምኩት? አንዷን ልጅህን ለመጥራት የአራቱንም ስም የምትደረድረው አንተ!"

"ሸፈንኩሽ እንጂ ምን አደረግኩሽ?"

"ባትሸፍነኝ ኖሮ የዛሬ ወር ጭቅጭቅ ይነሳ ነበር። ስክሪኔ ይታይ ነበር። ወንድሜ ነህ፣ መጥተህ 'ኢንሻራህ ምን ነካሽ' አትለኝም?"

"አፈርኩ።"

"አንተ አፍረህ እኔ ልባረር!"

አም ኸላፍ ኮፍያቸውን አወለቁ። ምን ሊያደርጉበት እንዳወለቁት አያውቁም፣ መልሰው አጠለቁት። "ሰርጉ ግን እንዴት ነበር?" አሏቸው ሲት ኢንሻራህ፣ በዚያው የቁጣ ድምፅ። "ደህና ነበር" አሉ አም ኸላፍ። "ቦታሽ ባዶ ነበር።"

ለረእፋት ጥያቄ መልስ አገኘሁ። ማስረጃ ግን የለኝም። አንድ የካርቶን ክዳን ነው ያለኝ። ስድስት ሰዓት ተኩል ሆኗል።

ኪሮሎስን ያዝኩት። "ይሄ ኮምፒውተር ሲገዛ ስንት ነበሩ?"

"ሰባት። ያገለገሉ ናቸው፣ አንድ ላይ ነው የመጡት። ለየጣቢያው ተከፋፈሉ።"

"ሌሎቹንስ ፎርማት አድርገሃል?"

"እስካሁን ጊዜ አላገኘሁም።"

በሕይወቴ በሰው ስንፍና እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም።

ሩቅ ላለ ሰው ስለ ብራውዘር መጠየቅ ከንቱ ነው። አብዛኛው ሰው የከፈተው ነገር ስም እንዳለው አያውቅም። ለብዙዎቹ "ኢንተርኔቱ" ነው። ስለዚህ አንድ ጥያቄ ብቻ አዘጋጀሁ። ባለ ሦስቱን አውቶቡስ ክፈቱ፣ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ብቻውን የቆመው ወንበር ስንት ቁጥር ነው? ሦስት ካሉኝ ልክ ነው። አንድ ካሉኝ አገኘሁ።

ቤኒ ሱዌፍ አላነሱም። ሚንያ ላይ አንድ የተጣደፈ ሰው አነሳ። "ሦስት" አለኝ። "ምነው?" የእሱን ኮምፒውተር የወንድሙ ልጅ አስተካክሎለታል። ዘጋሁ። ሦስተኛው መለዊ ነው። ትንሽ ጣቢያ ናት፣ አቡ ሰሪዕ የሚባሉ ሰው ናቸው ያሉት።

"ከካይሮ ነው የምትደውይው? ለፍተሻ ነው?"

"አይደለም። አንድ ነገር ብቻ ይመልከቱልኝ።"

"ያለፈው ጊዜም አንድ ነገር ብቻ ብለው ነው የጀመሩት።"

"አቡ ሰሪዕ፣ በልጆችዎ፣ ብቻውን የቆመው ወንበር ስንት ቁጥር ነው?"

ወንበራቸው ሲጢጥ ሲል ሰማሁ። ትንፋሻቸው ወደ ስክሪኑ ቀረበ።

"አንድ ነዋ። ስንት ሊሆን ነበር?"

"እርግጠኛ ነዎት?"

"አንቺ፣ አንድን እዚህ ስክሪን ላይ ሕፃንም ያያታል። ብቻዋን ናት።"

"ምንም እንዳይነኩ! እንዳይዘጉት። ፎቶ ያንሱልኝ።"

"ስልኬ ፎቶ አያነሳም። ብቻ ባለ ሻዩን ልጥራው።"

ባለ ሻዩ እስኪመጣ ለስምንት ሩብ ጉዳይ ሆነ። ፎቶው ዘሞ መጣ፣ ጥጉ ላይ አውራ ጣት አለበት። ግን ይታያል። አንድ፣ መተላለፊያ፣ ሁለት፣ ሦስት። ከላይ ደግሞ የዛሬው ቀን።

ለሻዲ ላኩለት። ወዲያው ደወለ። ጥፋቱ የት እንዳለ እሱም ገብቶታል። ገጹን እንደ ዓረብኛ ጽሑፋችን ከቀኝ ቁጠር ብለነዋል። አዲሶቹ ብራውዘሮች ይሰማሉ። አሮጌው ወንበሮቹን ከቀኝ ይደረድርና መተላለፊያውን ግን ከግራ ይቆጥራል። አራት ወንበር ላይ መተላለፊያው መሃል ስለሆነ ከየትም ቢቆጠር ያው ነው። ሦስት ላይ ነው የሚጋለጠው። ማስተካከያው ሁለት መስመር ነው።

"ኮምፒውተሩ ያረጀ ነው በያቸው" አለ ሻዲ። "የተፈረመውን ዝርዝር ግን አታንሺው። ኮንትራቱ የሚታደሰው በመጪው ወር ነው። ናህላ? ትሰሚኛለሽ?"

"እሰማለሁ።"

ስብሰባው ረእፋት ቢሮ ነው። ረእፋት፣ ሲት ኢንሻራህ፣ ኪሮሎስ፣ አም ኸላፍ፣ እኔ። ፎቶውን ሰጠሁት። አጉልቶ አየው። ስለ ዝርዝሩና ተሳፋሪ ስለማቀያየራቸው አም ኸላፍ ራሳቸው ተናገሩ። ረእፋት እየሰማ ሰዓቱን ሁለት ጊዜ አየ። ሲጨርሱ መሳቢያውን ከፈተ።

ያወጣውን ወረቀት ከሩቅ አወቅኩት።

"መለዊ ተዛብቷል፣ እሺ" አለ። "እዚህ ግን ምን እንደነበረ ማንም አላየም። ያለኝ ይሄ ወረቀት ነው። ከእናንተ የመጣ። አራተኛው መስመር ላይ ይሄው ብራውዘር፣ ለሁሉም አውቶቡስ ተሞክሯል፣ ይሠራል ይላል። ከሥሩ ፊርማ አለ። ስለዚህ ወይ ወረቀቱ ውሸት ነው፣ ወይ ሲት ኢንሻራህ ያዩትን አያስታውሱም። የቱ ነው?"

ሲት ኢንሻራህ መነጽራቸውን አንስተው በቀሚሳቸው ጫፍ ይጠርጋሉ። ወደ እኔ አላዩም።

"ወረቀቱ ውሸት ነው" አልኩ። "ፊርማው የኔ ነው። ባለ ሦስቱን አውቶቡስ በዚህ ብራውዘር አልከፈትኩትም። ሳልከፍት ነው ምልክት ያደረግኩት።"

"ለምን?"

"ቸኩዬ።"

ረእፋት የጠበቀው ረዘም ያለ ነገር ነበር መሰለኝ። ሲያጣው እስክሪብቶውን ገፋልኝ። "ይህንኑ ትጽፊልኛለሽ?"

ሦስት መስመር ጻፍኩ። አንብቦ "ይሄው ነው?" አለ። "ይሄው ነው" አልኩት። ስሜን፣ ቀኑን፣ ፊርማዬን አየ። ከዚያ ፊቱ በነበረው የስብሰባ ማስታወሻ ላይ አንድ ቃል ሰረዘ። ምን እንደሆነ አላየሁም።

"አሁን መሄድ እችላለሁ?" አሉ ሲት ኢንሻራህ። "ሰልፍ አለ።"

"ይሂዱ።"

ይቅርታም አልጠየቃቸውም። እሳቸውም አልጠበቁም። ደረጃውን ስንወርድ ሻዲ ሦስት ጊዜ ደወለ። አላነሳሁም። የሚለውን አውቀዋለሁ፣ ነገም ይለዋል።

ኪሮሎስ በየጣቢያው እየደወለ አዲሱን ብራውዘር ያስጭናል። ሲት ኢንሻራህ መስኮታቸው ላይ ቁጭ አሉ፣ የተካቸውን ሰው "ተነስ የኔ ጌታ" ብለው አስነሱት፣ ወንበሩን ወደ ቁመታቸው አወረዱት። ስክሪኑን ወደ ራሳቸው አዞሩና ዝም ብለው አዩት። ሰልፉ መስታወቱን ማንኳኳት ጀመረ።

"ይሽጡ፣ ሲት ኢንሻራህ። አሁን ልክ ነው።"

"ያኔም ልክ ነው ብለሽ ፈርመሻል።"

ላፕቶፔን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

"የዘጠኝ ሰዓቱ አውቶቡስ ቆሟል" አሉኝ። "ባለ ሦስቱ። ግቢበትና ከወንበሩ ላይ እያነበብሽ በስልክ ንገሪኝ። እኔ እዚህ አያለሁ።"

"ሁሉንም?"

"ሠላሳ ወንበር ነው። ቸኩለሻል?"

ወረድኩ። አም ኸላፍ ምንም ሳይሉ በሩን ከፈቱልኝ። አውቶቡሱ ውስጥ ሙቀቱ ያፍናል፣ ሞተሩ አልተነሳም። ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ከፊት ጀመርኩ።

"አንድና ሁለት ጥንድ። ሦስት ብቻውን።"

"ቀጥዪ።"

"አራትና አምስት ጥንድ። ስድስት ብቻውን።"

"ቀጥዪ።"

ቁጥሮቹ የተለጠፉት ከጭንቅላት መደገፊያው ኋላ ነው፣ ጎንበስ ማለት ይፈልጋል። ሰባተኛው ረድፍ ላይ አንዱ ተለጣፊ ተልጧል፣ ከጎኑ ቆጥሬ ነገርኳቸው። "አትገምቺ፣ እዪ" አሉኝ። መቀመጫው ሥር ጎንበስ ብዬ በብረቱ ላይ የተቀረጸውን አገኘሁ። ሃያ። ነገርኳቸው።

አሥረኛው ረድፍ ጋ ደረስኩ። "ሃያ ስምንትና ሃያ ዘጠኝ ጥንድ። ሠላሳ ብቻውን። አለቀ።"

"አራተኛውን ድገሚልኝ።"

ተመለስኩ። ጎንበስ አልኩ። "አሥርና አሥራ አንድ ጥንድ። አሥራ ሁለት ብቻውን።"

ስልኩን አልዘጉትም። መስታወቱ ሲንኳኳ ይሰማኛል፣ አንድ ሰው ስለ ሻንጣ ይጨቃጨቃል። ከዚያ የሲት ኢንሻራህ ድምፅ መጣ፣ ለእኔ ሳይሆን ከመስኮቱ ማዶ ላለ ሰው።

"ነይ የኔ እናት። ብቻሽን ነሽ ወይስ ሰው አለሽ?"